«በእኔ ላይ ይሁን» ያሉት ቄስ

ቄስ እንግዳው ማረፋቸውን የሰማሁት ኩታበር ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ከመካነ ሰላም በኩል የመጣ አንድ ነጋዴ ድሮ እዚያ አስተምር እንደነበር ያውቃልና «የጥንት አከራይሽ እኮ አረፉ» አለኝ፤ ዘንድሮ ጤፍ ተወደደ እንደሚል ሰው፣ ቀለል አድርጎ። የያዝኩትን ሽንኩርት መልሼ አስቀመጥኩ። ነጋዴው ቀጠለ። ቀብራቸው ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር አለ። ገሚሱ «ካህን ናቸው፤ በካህን ወግ ይቀበሩ» ሲል፣ ገሚሱ «ራሳቸው እንደ ማንም ገበሬ ቅበሩኝ ብለው ተናዝዘዋል» ብሎ አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ ኑዛዜያቸው ጸናና ያለ ጥምጥም፣ ያለ መስቀል ተቀበሩ። «ለመሆኑ ሰውዬው ምን ነክቷቸው ነው ቅስናውን የተዉት? አንቺ ግቢያቸው ነበርሽ» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ይዤው ኖሬያለሁ። እንዳልናገር የለመኑኝ እሳቸው ነበሩ፤ እንዳትሰማ የፈሩላት ሴትም ካረፈች ቆየች። አሁን እሳቸውም ሄደዋል። ከእንግዲህ ዝም ብል ለማን እንደሚጠቅም አይታየኝም፤ ብናገርም የማንንም ሕይወት አያቃናም።

እዚያ አገር የሄድኩት አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው። ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ የምትርቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ከታች የዓባይ በረሃ የሚታይባት ቀበሌ ነበረች። አዲሱ ትምህርት ቤት የመምህር ቤት ስላልነበረው ቄስ እንግዳው ከግቢያቸው አንዲት ጎጆ አከራዩኝ። ሚስታቸውን በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ቀብረው፣ ያለቻቸውን አንዲት ልጅ ከላላ ወደምትባል አገር ድረው፣ ብቻቸውን ነበሩ። ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሁለተኛ አያገባምና «እኔና በቅሎዬ እንዲሁ ቀረን» ይሉ ነበር። እውነትም ከበቅሏቸው ጋር ያወሩ ነበር። አንዳንድ ቀን ተጣልተው፣ ተኳርፈው ይውላሉ።

እርሻ አያውቁበትም። ትልማቸው ሰካራም ያረሰው ይመስላል፤ ጎረቤቶቻቸው በዚያ አይምሯቸውም ነበር። ድምፃቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ለቤተ ክርስቲያን ግድ ያልነበረኝ እኔ እንኳ፣ እሁድ ጠዋት እሳቸው ሲቀድሱ ደብተር ማረሜን ትቼ በር ላይ ቆሜ አዳምጥ ነበር። አንድ ነገር ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። የእጅ መስቀላቸውን መዳፋቸው ውስጥ ያሽከረክራሉ፣ ያሽከረክራሉ፤ ጠያቂው ታክቶት ወሬ ሲቀይር ነው መልሱ የሚመጣው።

እኔ ያን ጊዜ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። ማታ ማታ ራት ላይ ስለ መደብ ትግል እሰብክላቸዋለሁ፤ ባላባቱ እንደወደቀ ድህነትም በቅርቡ እንደሚወድቅ አስረዳቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ያዳምጡኝና «ቀስ በይ ልጄ» ይሉኛል፣ «እግዜር እንኳ ስድስት ቀን ፈጅቶበታል። አንቺ በአንድ ክረምት ልትጨርሺው ነው?» ብስጭት እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንስቃለን። ወድጃቸው ነበር። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ እሳቸው ግቢ ስኖር ያንን ጉድለት ረሳሁት።

ነገሩ የተጀመረው ሶማሊያ ወረረችን ተብሎ የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የሚዘምቱትን ወጣቶች ሜዳው ላይ ሰበሰበና ቄሱን «ይመርቁልን» አላቸው። ማንም አላስገደዳቸውም። አምነውበት ነው የሄዱት። «አገር ከሌለ ቤተ ክርስቲያን የት ላይ ይቆማል?» ሲሉ ነበር የሰነበቱት፤ የድሮ ነገሥታት ታቦት አስከትለው ይዘምቱ እንደነበር እያነሱ። እኔም ለአንድ ጊዜ እንኳ በመስማማታችን ደስ ብሎኝ «ይኸው አብዮተኛ ሆኑ አባ» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።

ያን ቀን አያ ይማምም ከጎናቸው ቆመው ነበር። አያ ይማም ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ የእሳቸውም ልጅ ከዘማቾቹ አንዱ ነው። አያ ይማም ዱዓ ሲያደርጉ ቄሱ «አሜን» ይላሉ፤ ቄሱ ጠበል እየረጩ ሲመርቁ አያ ይማም «አሚን» ይላሉ። እናቶች እያለቀሱ እልል ይላሉ። እንደዚያ ቀን አንድ ልብ ሆነን አላየሁም።

ከዘማቾቹ መካከል ደባልቄ የሚባል ልጅ ነበር፤ የእማማ የሺ አንድ ልጅ። እማማ የሺ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ እናትና ልጅ የቄስ እንግዳው የንስሐ ልጆች ነበሩ። ደባልቄ ዝምተኛ ነው። ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት አስተምረው ነበርና ስሙን መጻፍ በቻለ ቀን እፍረቱ አይረሳኝም። መስቀል ሊሳለም ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ «አባ፣ ሰው ብገድልስ?» አላቸው። ሁሉም ሰማ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ተቀያየረ። ቄስ እንግዳው ግን ፈገግ አሉና፣ መስቀሉን ሳያሽከረክሩ፣ ወዲያው «ሂድ ልጄ፣ አገርህን ጠብቅ። ኃጢአት ካለበት በእኔ ላይ ይሁን» አሉት። እልልታው ቀለጠ።

እኛ ዘንድ ይህ አነጋገር ከአፍ የማይጠፋ ነው። በሬ ለመግዛት የሚያመነታን ሰው እንኳ «ግዛው፣ በእኔ ይሁን» እንለዋለን። በሬው ቢሰንፍ ማንም ተመልሶ መጥቶ አይይዘንም። እሳቸውም ልጁን ለማበርታት ያህል ነው ያሉት። ደባልቄ ግን ቃሉን እንዳለ ይዞት ሄደ።

ጦርነቱ በድል አለቀ ተብሎ ደባልቄ ከጦሩ ተሰናብቶ መጣ። የአያ ይማም ልጅ አልመጣም፤ እዚያው ቀርቷል። እማማ የሺ ሰው ሁሉ ጠርተው ድግስ ደገሱ። በማግስቱ ጠዋት እኔ ጓሮ ልብስ ሳጥብ፣ ቄስ እንግዳው ሞፈር ሲጠርቡ፣ ደባልቄ ገባ። ጉልበታቸውን ስሞ ፊታቸው ቆመ።

«አባ፣ አምጥቼልዎታለሁ» አላቸው።

«ምኑን ልጄ?»

«በእኔ ላይ ይሁን ያሉኝን።»

መጥረቢያውን አስቀመጡ። እኔም እጄ ሳሙናው ላይ ቀረ። አንድ መንደር ውስጥ ቤት ሲፈትሹ ነው አለ። ውስጥ ጨለማ ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር አየና ተኮሰ። ተጠግቶ ሲያይ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

«መሣሪያ ይዘው ነበር?» አሉት ቄሱ።

«መቁጠሪያ ነበር የያዙት። ወዲያው አልሞቱም አባ። ‹ያረቢ፣ ያረቢ› ይሉ ነበር። ሌላውን ቋንቋቸውን አላውቅም። ያረቢን ግን አውቃለሁ። እናቴም ስትደነግጥ ያረቢ ነው የምትል። መልካቸውም ቁርጥ አያ ይማምን።»

ቄስ እንግዳው «ና ንስሐ ግባ። ቀኖና እሰጥሃለሁ፤ ትጾማለህ፣ ትሰግዳለህ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው» አሉት።

ደባልቄ ግራ ገባው። ሊሞግታቸው አልነበረም የመጣው፤ ያንን ፊቱ ላይ አይቻለሁ። «የእኔ ቢሆን እኮ እገባ ነበር» አለ። «እርስዎ ወስደውልኝ የለ? ሰው ሁሉ የሰማው ነው። እሱን ይዤ ነው ያን ሁሉ ቀን እንቅልፍ የወሰደኝ።»

መስቀሉ መዳፋቸው ውስጥ መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ። «እንደሱ አይደለም ልጄ» ሊሉት እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ እኔ ብሆን እለው ነበር። እሳቸው ግን የልጁን ዓይን አዩና «እሺ። ተቀብዬሃለሁ» አሉት። ደባልቄ እንደገና ጉልበታቸውን ሳመ። «እናቴ እንዳትሰማ» አለ። «አትሰማም» አሉት። ሲወጣ ትከሻው ቀሎት ነበር፤ አጥሩን እንደ ድሮው ዘሎ ሄደ። እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ «አንቺም አልሰማሽም ልጄ። ለእናቱ ብለሽ» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። ነጠላቸውን እንደ ማንም ምእመን አጣፍተው፣ ራሳቸውን ሳይጠመጥሙ፣ ከቅጥሩ ውጭ ነፍስ ያጠፋ ሰው በሚቆምበት ቦታ ቆሙ። ደም ያፈሰሰ እጅ ሥጋ ወደሙን አይነካም፤ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። ሕጉን በራሳቸው ላይ ፈረዱት። ቅዳሴው ሲጀመር ከልማድ ብዛት ድምፃቸው ሾልኮ ይወጣና ወዲያው በእጃቸው አፋቸውን ይይዛሉ። ያንን ማየት አልቻልኩም።

አንድ ቄስ ቢተው ምን ይሆናል የሚል ሰው ይኖራል። ቅዳሴ ግን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ አይቀደስም፤ ያቺ ደብር ደግሞ የነበሯት ቄሶች እሳቸውና አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። ከጎረቤት ደብር ቄስ በውሰት ሲገኝ ይቀደሳል፣ ካልተገኘ ይቀራል። እየቆየ መቅረቱ በዛ። ሕዝቡ መጀመሪያ ለመናቸው፣ ቀጥሎ አማቸው። ሴት ነካ ያለ አለ፤ ካድሬ ሆነ ያለም አለ። መስቀሉን አዛውንቱ ቄስ ዘንድ አስቀምጠውት ነበርና ሲጨንቃቸው በአውራ ጣታቸው ባዶ መዳፋቸውን ያሻሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጄባቸው ነበር። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«አገር ለወራሪ ይለቀቅ ነው የሚሉት?» አልኳቸው።

«አላልኩም።»

«ታዲያ ደባልቄ መዝመት አልነበረበትም?»

«እሱንም አላልኩም። ነገ ጦር ቢመጣ ዛሬም ሂድ እለው ይሆናል። እናቱን ማን ሊጠብቅለት? ሂድ ማለት አንድ ነገር ነው። ግደል፣ እግዜር አይቆጥርብህም ማለት ግን... እሱን ማን ነገረኝ? ከየት አመጣሁት?»

«የሰው ኃጢአት በሰው አይተላለፍም አባ። አንድ የአፍ ነገር ነው።»

«መስቀል ይዤ፣ በስሙ ቆሜ ነው ያልኩት። ያንን ቀልድ ነበር ልበለው? ያ ቀልድ ከሆነ የተቀረው ሁሉ ምንድን ነው? ጥምቀቱስ? ፍትሐቱስ?»

«እሺ አንዱን ይበሉኝ። ክርስቲያን ጦርነት ይደግፋል ወይስ አይደግፍም?»

«ይደግፋል ብዬ መረቅሁ፤ እዚያ ማዶ አንድ ሽማግሌ ሞተ። አይደግፍም ብዬ ቢሆን ደግሞ የእኛው ሽማግሌ ይሞት ነበር። አላውቅም ልጄ። ስትጠይቂኝ የማውቅ መስዬ እንዳልመልስልሽ እፈራለሁ። የማላውቀውን ይዤ መቅደስ አልገባም።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ተከራክረን አናውቅም። እኔም በዚያው ሰሞን አብዮቱ ልጆቹን እየበላ መሆኑን አይቼ ራት ላይ መስበኩን ትቼ ነበር።

የሰሜኑ ጦርነት ሲጠና ዳግመኛ ወጣት ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ግቢያችን ድረስ መጥቶ «በሶማሌው ጊዜ መርቀው አልነበር? አሁን ምን ተገኘ?» አላቸው። «ያኔ ቄስ ነበርኩ፤ አሁን ገበሬ ነኝ። እሱንም ትልሜን አይተኸዋል» አሉት። ሰው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ወስዶ አሰራቸው። ከስተው፣ ጸጉራቸው ተላጭቶ ሲመለሱ ደባልቄ ጦር የለመደ ነው ተብሎ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተልኮ ነበር። ሊሰናበታቸው ፈልጎ እስር ቤቱ ደጅ ሲጠብቅ ውሎ ከለከሉት አሉ። ዓመት ሳይሞላ መርዶው መጣ። እማማ የሺ ፊታቸውን ሲነጩ ቄስ እንግዳው ከወንዶቹ ኋላ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ «አባ፣ ልጁ ሞቷል። ከእንግዲህ ለማን ብለው ነው?» አልኳቸው። «ሞተ እንጂ ሽማግሌው አልተነሳ» አሉኝ።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። በልግም ክረምትም ከዳን። በቅሏቸው ሞተች። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተማሪዎቼ ግማሾቹ እህል ይታደላል ወደተባለበት እየተጎተቱ ሄዱ፣ ግማሾቹን ራሴ አስቀበርኩ። መጀመሪያ በየቀብሩ አለቅስ ነበር፤ ኋላ ዕንባውም ተወኝ። አብዮትም እግዜርም የት እንዳሉ ጠፋኝ። ከመካነ ሰላም አልፎ አልፎ በምትደርሰኝ የእርዳታ ዱቄት አጥሚት አፈላለሁ፤ ከቄስ እንግዳው፣ ከአያ ይማምና ከእማማ የሺ ጋር እንካፈላለን።

እማማ የሺ አጥሚቱን መዋጥ ሲያቅታቸው ቄሱን አስጠሩ። አብሬያቸው ገባሁ። ከቁርበት ላይ አጥንት ብቻ ነው የተረፈው።

«ኸይር ነው የሺ?» አሉ ቄሱ።

«ኸይርስ አይደል አባ። ልሞት ነው። አንድ እሁድ ብቻ ይቀድሱልኝ። ሳልቆርብ አልሂድ።»

«አፉ በይኝ። እጄ ለዚያ አይሆንም።»

«ደባልቄን ሲሸኙ ይሆን ነበር። እሱ ከጦር ተመልሶ እርስዎ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ነው የተዉት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እኔ እናት ነኝ። ሰው ሲያማዎት ዝም ያልኩት ወድጄ መሰለዎት? ልጄ ምን ነግሮዎት ነው?»

«ምንም።»

«ሰው ገድሏል?»

አውራ ጣታቸው መዳፋቸው ላይ ሲሄድ አየሁ።

«አልገደለም» አሉ። «ውሃ ነበር የሚያመላልስ። ለጦሩ ውሃ። ራሱ ነው የነገረኝ።»

«በኪዳነ ምሕረት?»

«በኪዳነ ምሕረት።»

የእማማ የሺ ፊት በራ። ያን ያህል የጠወለገ ፊት መብራት ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። «ተመስገን» አሉ። «ተመስገን። ያ ነበር የሚያኝከኝ። እንግዲያ ልጄ ንጹሕ ከሆነ እርስዎን ምን ያግድዎታል? ይግቡና ይቀድሱልኝ።»

መውጫ አልነበራቸውም። እምቢ ቢሉ እማማ የሺ መሐላው ውሸት መሆኑን ይረዳሉ። እሺ ቢሉ ደም አለበት ባሉት እጅ፣ ያውም በሐሰት ምለው፣ መቅደስ ሊገቡ ነው። «እሁድ እቀድሳለሁ» አሉ። ውጭ ስንወጣ «እጅዎስ አባ?» አልኳቸው። «እጄማ ያው ነው» አሉኝ።

ሦስት ዲያቆን ፍለጋ ከቤት ቤት ሲዞሩ ሰነበቱ። ያገኟቸው መቆም የሚያቅታቸው ነበሩ። አዛውንቱ ቄስ በትር ይዘው መጡ። ለቁርባን መጾም ያስፈልጋል፤ በዚያ ዓመት ግን ሁሉም ጾመኛ ነበር። እሁድ ጠዋት እማማ የሺን በቃሬዛ ተሸክመን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስቀመጥናቸው። አንዱን ጫፍ የያዙት አያ ይማም ናቸው፤ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ «አብሽሪ የሺ፣ ደረስን» ይሏቸው ነበር።

የቄስ እንግዳው ድምፅ ከመቅደሱ ሲወጣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ረሃቡ ሰውነታቸውን ቢጨርሰውም ድምፃቸውን አልነካውም። እማማ የሺ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር፤ እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። ቅዳሴው ሳይጋመስ እጃቸው ከበደኝ። አላመንኩም። ዝም ብዬ ያዝኳቸው፤ ጽዋው እስኪወጣ ድረስ ያዝኳቸው። ቄስ እንግዳው ሥጋ ወደሙን ይዘው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አያ ይማም ጋቢያቸውን አውልቀው የእማማ የሺን ፊት ሸፍነው ነበር።

ቄሱ ዞረው ተመልሰው ገቡ። ቅዳሴውን ፈጽመው፣ በዚያው የእማማ የሺን ፍትሐት አድርሰው፣ ቀበሯቸው። ሰው ሲበተን ጥምጥማቸውን ፈቱት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጠምጥመው ያያቸው የለም። መቃብሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባ» አልኳቸው በመጨረሻ፣ «እማማ የሺ ሳይቆርቡ ቢሄዱም ሳያውቁ ነው የሄዱት። ልጄ ንጹሕ ነው ብለው ነው የሞቱት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሊያጽናኑኝ የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

«ምን ሳታውቅ ትቀራለች» አሉኝ። «ይኼኔ እኮ አግኝታዋለች። ነግሯታል።»